አሥር ደቂቃ ትረፍ

በ1972 ዓ.ም. አዋሳ ውስጥ መኪናው አልነሣ ላለው ሹፌር የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ «ባትሪውን ፍታና ለሴትየዋ ውሰድላት።»

ሴትየዋ ታቢታ ናት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥላ ባለች ባለ አንድ በር ቤት ውስጥ፣ አሲድ የበሳሳውን የባሏን የቆዳ ሽርጥ ታጥቃ ትውላለች። መጀመሪያ ሰሞን የጭነት ሹፌሮች ይስቁባት ነበር። «ሴት ስለ ወጥ እንጂ ስለ አሲድ ምን ታውቃለች?» ያላትም አልጠፋ። ሌላ ጋ ሦስት ወር የማይቆይላቸው ባትሪ በእሷ እጅ አልፎ ዓመት ሲያገለግላቸው ግን ሳቁ ቀረ። እንዲያውም ከዲላና ከይርጋለም ድረስ እየጫኑ የሚያመጡላት በዙ።

ሙያውን ያስተማራት ባሏ ነው፤ ስሙ ወንድሙ ይባላል። ወንድሙ ከሰው ጋር ሲሆን ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነበር፤ የባትሪ ክዳን ሲከፍት ግን አንደበቱም አብሮ ይከፈታል።

«አየሽ ታቢታ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ዓይነት የእርሳስ ፕሌት አለ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ግራጫ። በመሃላቸው አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ አለ። ጉልበቱ የሚመጣው ሁለቱ ስለማይመሳሰሉ ነው። በተጠቀምሽበት ቁጥር ሁለቱም እየነጡ፣ እየተመሳሰሉ ይሄዳሉ። ፈጽመው የተመሳሰሉ ቀን ባትሪው ሞተ ማለት ነው። ቻርጅ ማድረግ ማለት ያንን ነጭ ነገር አስለቅቆ እንደገና መለየት ነው።»

ሕግጋትም ነበሩት፤ እንደ ቃል ጥናት አስጠንቷታል። ባዶውን አታሳድሪው፣ ነጩ ይደርቅበታል። አታስቸኩይው፤ በጥድፊያ የተሞላ ባትሪ ላዩ ይሞቃል እንጂ ውስጡ አይጠግብም። ውሃ ሲጎድለው ከሰማይ በቀጥታ በሣህን የተቀበልሽውን የዝናብ ውሃ ጨምሪለት፤ የሐይቁን ውሃ ግን በሞትኩት፣ ጠብታ እንዳታስነኪው። የአዋሳ ሹፌሮች ትልቁ ኃጢአት ይቺ ነበረች። ሐይቁ አጠገብ ነዋ! በጣሳ ጨልፎ መሙላት ነው። በሐይቁ ውሃ ውስጥ ያለው ጨውና ሶዳ በሳምንት በሁለት ሳምንት ፕሌቱን ፈጅቶ ሲጨርሰው «የተሸጠልኝ ባትሪ የማይረባ ነው» እያሉ ያማርራሉ። መኪና አልነሣ ስትል ደግሞ ቁልፉን ደጋግሞ መጠምዘዝ ማሰቃየት ነው ይላል ወንድሙ። «መብራቱን አጥፊና አሳርፊያት። ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። የደከመው ጉልበት ራሱን ይሰበስባል።»

ሁለት ደቂቃ ነው ያላት። ልብ በሉ።

ወንድሙ የተወሰደው በጥር 1970 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ ነው። ሰዎቹ እሱን ብለው አልመጡም። ይፈለግ የነበረው የታቢታ ታናሽ ወንድም፣ ተማሪው አምሳሉ ነበር፤ ያን ሌሊት እነሱ ቤት አድሯል። የጂፗ ድምፅ ደጃፍ ላይ ሲቆም አምሳሉ በጓሮው መስኮት ዘሎ ወጣ። ታቢታ ከዚያ ወዲህ አላየችውም። የፊቱን በር ስትከፍት ሁለቱ የጂፕ መብራቶች ዓይኗ ላይ ተተከሉ፤ ከብርሃኑ ወዲያ ምን እንዳለ፣ ከጎኗም ምን እንዳለ ማየት አልቻለችም። ወታደሮቹ ቤቱን ገለበጡት። አልጋ ሥር አዩ፣ ኮርኒሱን በሳንጃ ወጉት። አምሳሉ የለም። ጓድ አሰፋ የሚባለው አለቃቸው የወንድሙን እጅ የኋሊት አሳሰረና «ልጁ እስኪገኝ አንተ ትቆየናለህ» ብሎ ጂፗ ውስጥ አስገባው።

እስከዚህ ድረስ ያለው በዚያ ዘመን በየቤቱ የደረሰ ነው። ታቢታን አእምሮዋን ሊያስታት የደረሰው ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው።

ጂፗ አልነሣ አለች። ሹፌሩ ቁልፉን ጠመዘዘ። ኧኝ፣ ኧኝ፣ ኧኝ፤ ከዚያ ጭጭ። ደገመው፤ ያው ነው። ታቢታ በሩ ላይ ጋቢ ተከናንባ እንደቆመች ልቧ በተስፋ ሊፈነዳ ደረሰ። ሊነጋ ነው። ጎረቤት ይነሣል። ወንድሙን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይደርሳሉ፣ ይለምኑለታል። «ጌታ ሆይ፣ አታስነሣት፤ እባክህ አታስነሣት» እያለች በልቧ ጸለየች። ያን ጊዜ ከጂፗ ውስጥ የባሏ ድምፅ ተሰማ። ረጋ ያለ፣ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ የሚናገርበት ድምፁ ነበር።

«መብራቱን አጥፉት። አሥር ደቂቃ ትረፍ፤ ትነሣለች።»

አጠፉት። ጨለማ ሆነ። በጨለማው ውስጥ አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ ሹፌሩ ቁልፉን ሲጠመዝዝ ጂፗ በአንድ ጊዜ ተነሣች፤ ወንድሙንም ይዛው ሄደች።

ታቢታ ሦስት ወር ስንቅ አመላለሰች። በአራተኛው ወር ዘበኛው የምግብ ዕቃዋን ሳይቀበል «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ጊዜ ማንም ለማንም አያስረዳም ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። በዚያው ሰሞን አምሳሉ በሞያሌ በኩል ተሻግሮ ኬንያ ገባ የሚል ወሬ ደረሳት። እግዚአብሔር ያን ዕለት የወታደሮቹን ዓይን ይዞልኛል ብላ አመሰገነች። ለባሏ ግን አላለቀሰችም።

እርግጥ ነው፣ ማልቀስም ተከልክሎ ነበር። ያገዳት ግን እሱ አይደለም። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ጥቁር ለብሰው በጓሮ ሾልከው መጡና «በራችንን ዘግተን ቀስ ብለን እናልቅስለት ልጄ» አሏት።

«ለማን ብዬ እትዬ?» አለቻቸው። «የሚወስደውን መኪና ራሱ አስነሥቶ ለሄደ ሰው? አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማም?»

«ኧረ ልጄ፣ ያን ዕለት እኮ...»

«ያን ዕለት አያንሡብኝ!»

እትዬ ደብሪቱ አማትበው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ዕለት ነገር እሷ ፊት የሚያነሣ ጠፋ። እሷ ግን ለብቻዋ ስታነሣው ስትጥለው ትውላለች። ሁለት ደቂቃ የሚበቃትን መኪና አሥር ደቂቃ አሳረፈላቸው! በደንብ እንድትነሣላቸው! ሞቱ ላይ እንኳ ሥራ የሚያሳምር ሞኝ! ይህን ባሰበች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች፤ ሰው የሚወደውን ሰው እንዲህ ሲጠላ እንደ ማየት የሚያስፈራ ነገር የለም።

ድምፁ ደግሞ አልለቀቃትም። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሞላ ከውስጡ ይፈላል፤ ጓዳ ውስጥ የሚንሾካሾክ ሰው ዓይነት ድምፅ አለው። ስድስት ሰባት ባትሪ ስታሰልፍ ቤቱ በሹክሹክታ ይሞላል። በዚያ መሃል ትሰማዋለች። «ትንሽ ትረፍ።» ዞር ስትል ማንም የለም፤ ሽርጡ ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ብቻ ነው። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ላይ ምንም መኪና ሳይኖር ኧኝ፣ ኧኝ የሚል ድምፅ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። ተነሥታ በመስኮት ታያለች። ባዶ መንገድ ነው። ሞቷል እንዳትል ሬሳውን አላየችም፤ አለ እንዳትል ስንቁ ተመልሷል። በዚህ መሃል የቀረ ሰው የት ነው የሚያድረው? እሷ ቤት ነበር የሚያድረው።

ይህን ሁሉ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ይልማ ይባላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ፣ ሐይቁ ዳር ከሚስቱ ከሮማን ጋር የሚኖር ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ነው። ሱቁን በያዘች ሰሞን አሲድ የእጇ አንጓ ላይ ሲፈስባት፣ በሶዳ ውሃ አጥቦ ያሰረላት እሱ ነበር። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ይልማ ጥቂት ሰዎችን በየሳምንቱ ቤቱ ሰብስቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጸልያል።

«አልቅሺለት» አላት ፋሻውን እየጠቀለለ። «ያልወጣ እንባ እንደዚህ አሲድ ነው፤ ዕቃውን ራሱን ነው የሚበላው።»

«መጀመሪያ ይቅር ልበለው» አለችው። «ይቅር ያላሉት ሰው አይለቀስለትም።»

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በጥር፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያቺው የጓድ አሰፋ ጂፕ በወታደሮች ተገፍታ ባትሪ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። ሹፌሩ ያው የያኔው በኃይሉ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል። ባትሪውን ፈትቶ ተሸክሞ ገባና ዓይኗን ሳያይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እህቴ፣ ይቺን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አድርሽልን። ማታ ቡሹሎ መንገድ አለን።»

ቡሹሎ ውስጥ በዚህች ጂፕ የሚፈለግ ማን አለ? በቤቱ ሰው ሰብስቦ የሚጸልየው ይልማ ነው። ሮጣ እንዳታስጠነቅቀው አንድ ወታደር ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ባትሪው ተሞልቶ እስኪያልቅ ማንም እንዳይወጣ ተብሏል።

የባትሪውን አቧራ ስትጠርገው ከላዩ ሬንጅ ላይ በምስማር የተጫረች «ወ» ብቅ አለች፤ ከሥሯ «69»። ወንድሙ ከሁለት የሞቱ ባትሪዎች ደህና ደህናውን ፕሌት መርጦ አንድ ያደረገው ሥራው ነው። ለማን እንደሠራው አታውቅም ነበር። ለካስ የመጣችበትን ጂፕ በገዛ እጁ ነበር ያቆያት! ክዳኖቹን ከፈተች። ፕሌቶቹ ነጭ ለብሰዋል፤ የአሲድ መለኪያዋ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ታች ሰጠመች። ሊሞት የቀረው ትንሽ ነው።

ጥጉ ላይ እጇን የምትታጠብበት የሐይቅ ውሃ በባልዲ አለ። ዓይኗ ሄደበት። ግን የሐይቅ ውሃ በሳምንት ነው የሚገድለው፤ የዛሬን ማታ አያድንም። ደግሞም ማንሣት ብትፈልግ እጇ አልታዘዝ አለ። «በሞትኩት» ያለ ሰው እዚያው ምስማሩ ሥር የቆመ መሰላት።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አላት ወታደሩ።

«ቀስ ተብሎ ከተሞላ ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን? ጓድ አሰፋ ይሰቅለኛል። ቶሎ የሚሞላበት መንገድ የለም?»

ያን ጊዜ ነገሩ በራላት። የሚቸኩል ሰው የሚወደውን ታደርግለታለች። ወንድሙ አታድርጊው ያላትን ታደርጋለች። የቻርጀሩን እጀታ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ባትሪው እንደ ሽሮ ተንተከተከ፣ ጎኑ ጋለ፣ ሽታው አፍንጫ በጠሰ። ወታደሩ «ይኸዋ! ሞላልሽ አይደል?» ብሎ ተደሰተ። እሷም «ሞላ» አለችው። ላዩ ብቻ እንደሞቀ፣ አንዴ አስነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ እንደሚከዳው ለሱ ምን ያስነግራታል? ይህቺ ጂፕ ዛሬ መንገድ ላይ ትሞታለች። ወንድሙ ያን ዕለት ማድረግ የነበረበትን እኔ ዛሬ አደርገዋለሁ አለች በልቧ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጓድ አሰፋ ራሱ መጣ። ጂፗ በአንድ ምት ተነሣች። እሱ ግን በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ የተቃጠለ ሰው ነው፤ ባትሪውንም አየ፣ ታቢታንም አየ።

«ጓዲት፣ አንቺም ትወጫለሽ።»

«እኔ? እኔ ምን ላደርግላችሁ ጓድ?»

«መንገድ ላይ ብትቆም የምታስነሺያት አንቺ ነሽ።»

ከኋላ ካለችው አግዳሚ ላይ፣ በሁለት ወታደሮች መሃል አስቀመጧት። ጂፗ ወደ ቡሹሎ መንገድ ስትታጠፍ አንድ ነገር ገባት። ይህቺ አግዳሚ ናት። እዚህ ነበር የተቀመጠው። በእጇ ጨርቁን ዳሰሰችው፤ አንድ ቦታ ላይ ተቀድዶ ስፖንጁ ወጥቷል። እሱም እጁ የኋሊት ታስሮ ይህንኑ ቀዳዳ ዳስሶት ይሆናል።

የይልማ ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ጠልቃ ዓይን ለዓይን መተያየት ሊያስቸግር ሆኗል። ቤቱ ከሐይቁ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በስተግራ ቄጠማው እስከ ውሃው ይወርዳል። በኃይሉ ጂፗን አሸዋው ላይ አቆመና የፊቱን መብራት በሩ ላይ አበራ።

«ሞተሩን አጥፋ፣ ቤንዚን አታባክን» አለው ጓድ አሰፋ። «መብራቱ ይቆይ።»

ወርደው ገቡ። ጂፗ ውስጥ በኃይሉና ታቢታ ብቻ ቀሩ። የይልማ ሚስት ሮማን በሩ ላይ ቆማለች፤ መብራቱ ዓይኗን ወግቷት በእጇ ግንባሯን ጋርዳለች። ታቢታ እሷን እያየች ራሷን አየች። እንዲሁ ነበር የቆምኩት አለች። እንዲሁ ዕውር ሆኜ። ከውስጥ የዕቃ መሰበር ይሰማል። «በሽተኛ ሊያይ ወጥቷል አልኳችሁ!» ትላለች ሮማን።

ቄጠማው ውስጥ አንዲት የውሃ ወፍ ደንግጣ ተነሣች። ታቢታ ዞር ብላ አየች። የመብራቱ ዳር ከሚያልቅበት፣ ውሃው ከሚጀምርበት ቦታ የሰው ፊት ነበር። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ነው፤ በሁለት እጁ ቄጠማ ይዟል፤ መላጣ ግንባሩ በብርሃኑ ያበራል። ይልማ ነው። ጂፗ ስትመጣ በጓሮ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ መብራቱ እዚያው ላይ ያዘው። ቢንቀሳቀስ ቄጠማው ይናወጣል፤ ካልተንቀሳቀሰም አንድ ሰው ወደ ግራ ዞር ማለት ብቻ ነው የሚበቃው። ሮማን አታየውም፤ ብርሃን ፊት የቆመ ሰው ምንም አያይም። ታቢታ ግን ከብርሃኑ ኋላ ስለሆነች ሁሉንም ታያለች።

ሂዱ! አለች በልቧ። ቶሎ ሂዱ፣ ውጡ፣ ግቡና ሂዱ!

ወታደሮቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጓድ አሰፋ እየተሳደበ ጋቢና ገባ። በኃይሉ ቁልፉን ጠመዘዘ።

ኧኝ። ኧኝ። ኧኝ።

ከዚያ ጭጭ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ግን አልጠፋም።

ታቢታ ያን ጊዜ የሠራችውን አወቀች። በጥድፊያ የሞላችው ባትሪ እንደ ተመኘችው ሞቶ መኪናዋን አቆመላት፤ ያቆማት ግን መብራቷን ይልማ ላይ እንዳበራች ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ምናለ ባልተነሣች» ስትል ነበር። ይኸው አልተነሣችም። የፈሩት ይደርሳል ይሏል፤ የተመኙት ሲደርስም እንዲህ ነው።

ጓድ አሰፋ ወረደ። የእጅ ማስነሻ ብረቷ ከጠፋ ቆይቷል። አሸዋው ላይ መግፋት የሚታሰብ አይደለም። ወታደሮቹ ተበታትነው ቆሙ። አንደኛው ጭቃ የነካ ጫማውን አየና ሊያጥበው ወደ ቄጠማው መራመድ ጀመረ። አምስት እርምጃ፣ ስድስት እርምጃ።

«ምን ትቀመጫለሽ?» ብሎ ጮኸባት ጓድ አሰፋ። «ንገሪን እንጂ!»

አፏ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ ረጋ ያለ፣ ለደንበኛ የሚናገሩበት ዓይነት ነበር።

«መብራቱን አጥፉት። አሥር ደቂቃ ትረፍ፤ ትነሣለች።»

በኃይሉ መብራቱን አጠፋ። ጨለማው እንደ ብርድ ልብስ ወደቀ። ወታደሩ እርምጃው ተገታ። ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቦጫቦጨ።

«ጉማሬ ነው! ተመለስ አንተ ሰው፣ ማታ ማታ ይወጣል!» አለው ጓደኛው። ወታደሩ እየሮጠ ጂፗ ጋ ደረሰና ተጠግቶ ቆመ። ሲንቦጫቦጭ ቆየና እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ማንም አልሳቀ፤ ማንም አልተከተለም።

ታቢታ አግዳሚዋ ላይ የተቀደደውን ጨርቅ ጨብጣ ያዘች። አሥር ደቂቃ፣ አለች በልቧ። እኔ ነኝ አሥር ያልኩት። ሁለት ይበቃት የለ? ለምን አሥር አልኩ? ሰው በውሃ ውስጥ ርቆ እንዲሄድ ነዋ! አንድ ሰው በጨለማ አጥር እስኪዘል ስንት ይፈጅበታል? ያን ዕለት እሷ በሩ ላይ ዕውር ሆና ቆማ ነበር። ወንድሙ ግን እዚህ፣ ከመብራቱ ኋላ ነበር። አምሳሉን አይቶታል። አምሳሉ ከጓሮ ዞሮ አጥሩን ሳይዘል፣ እዚያው ሥሩ መብራት ይዞት እንደ እንሽላሊት ተለጥፎ፣ ወንድሙ እዚህ ሆኖ አይቶታል። ሊነጋ ነበር። ዝም ቢል ለራሱ ሽማግሌ ይደርስለት ይሆናል፤ ልጁን ግን ንጋቱ ያጋልጠዋል። እና መብራቱን አስጠፋ። የሚወስደውን መኪና አስነሥቶ፣ የእሷን ወንድም አሻገረላት። እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞኝ አለችው።

«ወንድሙ» አለች በለሆሳስ። «ወንድሙ፣ ምን አደረግሁህ?»

አሥር ደቂቃ ሲሞላ ጂፗ ተነሣች። ጓድ አሰፋ ዞሮ «ጎበዝ ነሽ» አላት። ይህን ቃል ከሱ መስማት ከስድብ በላይ አቃጠላት፤ ግን አንገቷን ደፍታ ዋጠችው።

ሰዎቹን አራግፎ ሲጨርስ በኃይሉ እሷን እስከ ደጃፏ አደረሳት። ሞተሩን አላጠፋም። እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ተናገረ።

«ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ሹፌር ነኝ፣ አውቃለሁ። እሱም ያኔ አሥር ነው ያለው።»

ታቢታ መውረዷን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

«እኔም ከመብራቱ ኋላ ነበርኩ እህቴ። ያኔም፣ ዛሬም» አለና ማርሹን አስገባ። «ምንም አላየሁም። ደህና እደሪ።»

ታቢታ ቤቷ አልገባችም። በጓሮ ዞራ የእትዬ ደብሪቱን መስኮት ቆረቆረች። ወጡ፤ ኩራዝ ይዘዋል።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ሊነግሩኝ የጀመሩት ነገር ምን ነበር?»

አሮጊቷ ኩራዙን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ልጁ የኔ አጥር ሥር ነበር የተለጠፈው። በቀዳዳ አየው ነበር። መብራቱ በርቶበት መንቀሳቀስ አልቻለም። ሲያጠፉት ዘሎ እዚህ ገባ፤ ድንች ጆንያ ውስጥ ደበቅሁት። ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው ልጄ። ያን ዕለት አያንሡብኝ ስትዪ፣ ውለታው ከብዶሽ መስሎኝ ነበር።»

ታቢታ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ለወንድሙ እናልቅስ» አለች። «ዛሬ እናልቅስለት።»

በሩን ዘጉ፤ በሩ ሥር ያለውን ክፍተትም በጆንያ ደፈኑት። ለቅሶ ክልክል ነውና ሁለቱም ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እትዬ ደብሪቱ በቀስታ ሙሾ ያወጣሉ፣ ታቢታ ትራሱን ነክሳ ትንሰቀሰቃለች። የሁለት ዓመት ለቅሶ ነው፤ እስኪደክማት አለቀሰች።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያው ድምፅ ቀሰቀሳት። ኧኝ፣ ኧኝ፣ ኧኝ። ተነሥታ በመስኮት አላየችም፤ አልተራገመችም። የባሏን ድምፅ ጠበቀች፤ መጣ። በጨለማው ውስጥ ጋደም ብላ አሥሩን ደቂቃ ከሱ ጋር ቆጠረች።